ከጎኑ የተቀመጠው ማነው? የቴሉጉን የአብራሪዎች ፊልም ለመረዳት

አብረው የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ኮክፒት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ ስለ አንደኛው ሠርግ ይቀላለዳሉ። ወዲያው ቀይ መብራት ይበራል፤ ሞተሩ ይቃጠላል። ጀግናው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ በሬዲዮ ይጮኻል፣ ጓደኛው ይደነግጣል፣ እናት ደግሞ ቤቷ ሆና ኩራዝ አብርታ ትጸልያለች። ከዚያ ስክሪኑ ይጨልምና የዕረፍት ሰዓት ይሆናል።

በትርጉም የሚቀርቡ የህንድ ፊልሞችን የሚከታተል ሰው ይህን ዓይነቱን ትዕይንት ያውቀዋል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አራት ነገር ከእውነተኛው በረራ ጋር ይጣላል። ስህተት ለቅሞ መሳቅ ቀላል ነው። የሚገርመው ግን እውነተኛው የህንድ አብራሪ ኑሮ፣ ደራሲው ከፈጠረው ይልቅ ለጓደኝነትና ለቤተሰብ ታሪክ የሚመች መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ በሁለቱ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት እነማን ናቸው? ማንስ ለማን ምን ማለት ይችላል? (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ "የህንድ ፊልም" ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ብዙ ቤት አለው። የሂንዲው ፊልም ማዕከል ሙምባይ ነው፤ የቴሉጉው ሃይደራባድ። በ2011 የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ቴሉጉን የአፍ መፍቻዬ ብሏል። ተናጋሪዎቹ በብዛት የሚኖሩት በአንድራ ፕራዴሽና በ2014 ከእሷ ተነጥላ ራሷን የቻለች ክልል በሆነችው በቴላንጋና ነው። ፊልሙ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ መሃሉ ላይ ተመልካች ሻይና ፋንዲሻ የሚገዛበት ዕረፍት አለ። ደራሲው ትልቁን አደጋ ከዚያ ዕረፍት በፊት ያስቀምጣል፤ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ እንዳይቀር። ከዕረፍት በኋላ ያለው ክፍል አባትና ልጅ፣ ጓደኛና ጓደኛ የሚታረቁበት ነው። የሙያው ሰዎች ይህን ልብ የሚነካ ክፍል "ሴንቲመንት" ይሉታል፤ የእናት ሴንቲመንት፣ የእህት ሴንቲመንት እያሉ እንደ ቅመም ይቆጥሩታል። ስለዚህ እሳቱ በአርባኛው ደቂቃ ሳይሆን በሰባኛው ሲነሳ አትገረሙ፤ ሰዓቱን የሚወስነው ሞተሩ አይደለም።

አሁን ወደ ወንበሮቹ። የመንገደኛ አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ በግራ የሚቀመጠው ካፒቴን ነው፤ ትከሻው ላይ አራት መስመር አለው። በቀኝ ያለው ረዳት አብራሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት መስመር። አብረው ተምረው አብረው የተቀጠሩ ሁለት ወጣቶች ሁለቱም ረዳት አብራሪዎች ናቸው። ሁለት ረዳት አብራሪዎች ብቻቸውን አንድ አውሮፕላን ይዘው አይነሱም። ሦስት ወይም አራት አብራሪ በሚጫንበት ረጅም በረራ ካልሆነ በቀር፣ የልብ ጓደኛሞቹ በአንድ ኮክፒት ውስጥ የሚገናኙት አንደኛው ካፒቴን ሲሆን ነው። ያኔ ደግሞ አንዱ አለቃ፣ ሌላው ታዛዥ ሆነዋል። የካፒቴንነት በር የሚከፍተው የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ አየር መንገዶቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በዚህ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚበር የሚወስነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ጓደኝነት አይቆጥርም፤ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የብቃት ፈተና ቀን ነው የሚቆጥረው።

እዚህ ለመድረስ ያለው መንገድ ራሱ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ህንድ ውስጥ የሲቪል አቪዬሽኑ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዲጂሲኤ ይባላል። ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 18 ዓመት መሙላት፣ 12ኛ ክፍልን በፊዚክስና በሒሳብ ማለፍ፣ የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ ማለፍ፣ የአቅጣጫ ስሌት፣ የአየር ጠባይ፣ የአየር ሕግና የአውሮፕላን ቴክኒክ ፈተናዎችን መውሰድ፣ ከዚያም 200 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። ከ200ው ውስጥ 100 ሰዓቱ ተማሪው ራሱ አዛዥ ሆኖ የሚበርበት ነው። 300 የባሕር ማይል ሄዶ በመንገዱ ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ ሙሉ በሙሉ ማቆምም ግዴታው ነው። የሌሊት በረራም አለበት።

ሁለት መቶ ሰዓት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የዝናቡ ወራት ሲገባ ትናንሾቹ አውሮፕላኖች ቆመው ይውላሉ፤ መለዋወጫ ይዘገያል፤ አስተማሪው አየር መንገድ ተቀጥሮ ይሄዳል። በዓመት ያልቃል የተባለው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የሆቴሉና የምግቡ ሒሳብ ግን አይቆምም። በዚህ የተነሳ ብዙ ተማሪዎች ሰዓቱን ውጭ ሀገር ሄደው ይበሩና ፈቃዱን ህንድ ተመልሰው ያስቀይራሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሥራ የለም። አንድን የአውሮፕላን ዓይነት፣ ለምሳሌ ኤርባስ ኤ320ን፣ ለማብረር ለብቻው የሚሰጥ ሥልጠና አለ፤ ታይፕ ሬቲንግ ይባላል። ሁሉም ሲደመር ወጪው ወደ አንድ ክሮር፣ ማለትም ወደ 10 ሚሊዮን ሩፒ የሚጠጋበት ጊዜ ብዙ ነው። አባት መሬት ይሸጣል ወይም ቤቱን አስይዞ ይበደራል። ፊልሙ ውስጥ አባትየው ልጁ ሥልጠናውን አቋርጦ ሲመጣ በቁጣ በሩን ቢዘጋበት፣ ጭካኔ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት፤ በሩ ራሱ ባንክ እጅ ነው።

የአየር ኃይሉ ታሪክ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው፤ ለሃይደራባድ ደራሲዎችም ቅርብ ነው። የህንድ አየር ኃይል አካዳሚ ያለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ዱንዲጋል ላይ ነው። ሰልጣኞቹ በመጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት አውሮፕላን ይበራሉ፤ ከ2013 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ፒላተስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባለ ውልብልቢት አውሮፕላን ነው። ከዚያ ይከፋፈላሉ፦ አንዱ ለተዋጊ ጄት፣ አንዱ ለማጓጓዣ፣ አንዱ ለሄሊኮፕተር። የማጓጓዣው ቤንጋሉሩ አጠገብ ወዳለችው የለሃንካ ይሄዳል፣ የሄሊኮፕተሩ ሃኪምፔት ይቀራል፣ የተዋጊው በኋላ ቢዳር ላይ ሆክ የተባለውን ጄት ይለማመዳል። ክፍፍሉን የሚወስነው ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ውጤት፣ የሰውነት ሁኔታና የአስተማሪ ግምገማ አሉበት። በአንድ ክፍል አልጋ የተጋሩ ጓደኛሞች አንዱ ተዋጊ ሆኖ ሌላው ሳይሆን የሚቀርባት ያቺ ቀን፣ በእኛ አስተያየት፣ ከማንኛውም የሚሳይል ትዕይንት የበለጠ ድራማ አላት። አብዛኛው ፊልም ግን በዘፈን ያልፋታል።

ቋንቋው ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ለአማርኛ ተመልካች ትልቁ ነገር የሚጠፋው እዚህ ነውና።

ቴሉጉ እንደ አማርኛ አንተና እርስዎን ይለያል። "ኑቩ" አንተም አንቺም ነው፤ "ሚሩ" እርስዎም እናንተም። ከስም ቀጥሎ የሚመጣ "ጋሩ" አለ፤ ለወንድም ለሴትም የሚያገለግል፣ እኛ ከስም በፊት ጋሼ ወይም እትዬ እንደምንለው ያለ ማክበሪያ። በተቃራኒው "ራ" አለ። በወንድ ጓደኛ ላይ የዓረፍተ ነገር ጭራ ሆና የምትቀጠል ድምፅ ናት፤ በቅርብ ጓደኛ አፍ ፍቅር፣ በማያውቁት ሰው አፍ ስድብ ናት። ሁለት ጓደኛሞች ሜዳ ላይ "ራ" እየተባባሉ አድገው፣ አንደኛው አራት መስመር ለብሶ በግራ ወንበር ሲቀመጥ ሌላው "ሰር" ይለዋል። ያቺ ከ"ራ" ወደ "ሰር" የምትደረግ ሽግግር አንዳንዴ የፊልሙ ዋና ትዕይንት ናት። በትርጉም ግን ሁለቱንም "አንተ" ብለው ሲያልፏት ትዕይንቱ ባዶ ይሆናል። አማርኛ ለዚህ አቅም አያንሰውም፤ "ስማ አንተ" ሲል የነበረ ሰው በድንገት "እሺ ጌታዬ" ቢል ማንም ይገባዋል።

የዝምድና መጠሪያዎቹም ያሳስታሉ። "ማማ" አጎት ወይም አማት ነው፤ የሃይደራባድ ወጣቶች ግን እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል ነው። ቃል በቃል ከተተረጎመ እኩያው እኩያውን "አጎቴ" ሲል ትሰማላችሁ። "ባቫ" ደግሞ የእህት ባል ነው፤ የአክስት ወይም የአጎት ልጅም ነው፤ እጮኛም ሊሆን ይችላል። በብዙ የቴሉጉ ቤተሰቦች የአባት እህትን ወይም የእናት ወንድምን ልጅ ማግባት የቆየ ልማድ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ የእኛ ሀገር ተመልካች፣ ጀግናዋ የአክስቷን ልጅ ስታገባ አይቶ ተርጓሚው ተሳስቷል ብሎ ይደመድማል። አልተሳሳተም።

ይህ አክብሮት አየር ላይ ሲወጣ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ካፒቴን ንጉሥ ነበር፤ ረዳቱ ስህተቱን እያየ ዝም ይል ነበር። መጋቢት 27 ቀን 1977 ቴነሪፌ ደሴት ላይ ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሲሞት፣ ከኮክፒቱ ድምፅ መቅጃ የተሰማው አንዱ ነገር የበታቹ ጥርጣሬውን ለስለስ አድርጎ ማንሳቱና የካፒቴኑ ነገሩን አጣጥሎ ማለፉ ነው። ከዚያ በኋላ በኮክፒት ውስጥ አብሮ የመሥራት ሥልጠና ተጀመረ፤ ሲአርኤም ይባላል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ረዳቱ የሚያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ማለማመድ።

ህንድም የራሷን ትምህርት ከፍላ ወስዳለች። ግንቦት 22 ቀን 2010 ከዱባይ ተነስቶ ማንጋሎር ያረፈ ቦይንግ 737 መንደርደሪያውን አልፎ ገደል ገባ፤ ከ166 ሰዎች 158ቱ ሞቱ፣ 8 ተረፉ። ተሳፋሪዎቹ በአብዛኛው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን መንገድ የእኛም ሰው ያውቀዋል። በምርመራው እንደተገለጸው ካፒቴኑ በበረራው ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተኝቶ ነበር፤ ሲነቃ አውሮፕላኑን ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ መጣ። ረዳቱ "ተመልሰህ ውጣ"፣ ማለትም ማረፉን ተወው፣ የሚለውን ጥሪ ሦስት ጊዜ አሰምቷል። 8,000 ጫማ ገደማ ርዝመት ካለው መንደርደሪያ ላይ መንኮራኩሩ መሬት የነካው 5,200 ጫማ ያህል አልፎ ነው። ሦስት ጊዜ መናገሩ ትክክል ነበር፤ የቀረው መሪውን ተቀብሎ ራሱ መውጣት ነው። ታናሽ ከታላቅ እጅ ነገር በማይነጥቅበት ቤት ላደገ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማስረዳት ረጅም ዲስኩር አያስፈልገንም። ስለ አብራሪዎች ድራማ የሚጽፍ ሰው ቤተሰቡን ለብቻ፣ ኮክፒቱን ለብቻ ባያደርግ ጥሩ ነው፤ ጠብ ያለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ተመልሶ መውጣትን ካነሳን አይቀር፣ ፊልሞቹ ይህን እንደ አደጋ ማሳየታቸው ትልቅ በደል ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ፣ ከፍታውና አቅጣጫው ደመና ካለ እስከ 1,000 ጫማ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ እስከ 500 ጫማ ድረስ መስተካከል አለባቸው። ካልተስተካከሉ ጉልበት ጨምሮ ተመልሶ መውጣት ነው፤ ቅጣትም ኀፍረትም የለበትም። ተሳፋሪው ከወንበሩ ሲጣበቅ ቢደነግጥም ከፊት ያሉት ሁለቱ የሚሠሩት በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል ማሽን) ደጋግመው የተለማመዱትን ነው።

መጀመሪያ ወዳነሳነው ትዕይንት እንመለስ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ስለ ሠርግ መቀለድ አይቻልም። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ቻርለት አጠገብ የወደቀ አውሮፕላን አብራሪዎች ለማረፍ ሲቃረቡ ስለ ፖለቲካና ስለ ያገለገለ መኪና ያወሩ ነበር፤ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። በ1981 የወጣው ደንብ ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,000 ሜትር ገደማ በታች ከበረራው ሥራ ውጭ ያለ ወሬን ከለከለ፤ ልማዱም በዓለም ተሰራጨ። ስለዚህ አዋቂ ደራሲ ቀልዱን ወደ 36,000 ጫማ ከፍ ያደርገዋል። እዚያ ቡናም አለ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ዝምታም አለ፤ ምስጢር የሚወጣው ያኔ ነው።

ጓደኛን ወይም እጮኛን ኮክፒት አስገብቶ ኮከብ ማሳየትም የፊልም ነገር ነው። በሩ ይቆለፋል። በየካቲት 2023 ከዱባይ ወደ ዴልሂ ሲበር የነበረ ካፒቴን ጓደኛውን ኮክፒት አስገብቶ በመገኘቱ ዲጂሲኤ ፈቃዱን ለሦስት ወር አገደ፤ አየር መንገዱንም 3 ሚሊዮን ሩፒ ቀጣ።

የሞተሩ እሳት ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጩኸቱ ነው ውሸቱ። ኤርባስ ኤ320 በሁለት እጅ የሚጨበጥ መሪ የለውም። ካፒቴኑ በግራ እጁ፣ ረዳቱ በቀኝ እጁ የሚይዟት አጭር ዱላ አለች። ሁለቱ ዱላዎች በሜካኒክ አልተያያዙም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢያንቀሳቅሱ ኮምፒውተሩ ትእዛዛቸውን ይደምራል፣ ማስጠንቀቂያ ድምፅም ያሰማል። ጓደኛሞቹ "አብረን እንሳብ!" የሚሉበት ትዕይንት እንግዲህ ከመርዳት ይልቅ የሚጎዳ ነው። አንዱ "እኔ ይዣለሁ" ይላል፣ ሌላው እጁን ያነሳል።

ለመነሳት በሚንደረደርበት ጊዜ ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ። ከእሱ በፊት ሞተር ቢጠፋ ይቆማል፤ ከእሱ በኋላ ከሆነ የቀረው መንደርደሪያ ለማቆም ስለማይበቃ ይነሳል። ከተነሳም በኋላ እስከ 400 ጫማ ድረስ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ ከመውጣት በቀር ምንም አይነካም። ከዚያ አንዱ አውሮፕላኑን ያበርራል፣ ሌላው ዝርዝሩን ይሠራል፦ የተቃጠለውን ሞተር ጉልበት መቀነስ፣ ማጥፋት፣ የእሳት ማጥፊያውን ቁልፍ መጫን፣ አሥር ሰከንድ ጠብቆ የመጀመሪያውን ጠርሙስ መልቀቅ፣ እሳቱ ካልጠፋ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛውን። ማጥፊያውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ጣቱን አስቀምጦ "አንድ ቁጥር ሞተር፣ ልክ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው አይቶ "ልክ ነው" ይላል። ይህች ጥያቄ የምታሰለች ብትመስልም በደም የተገዛች ናት። በ1989 እንግሊዝ ኬግወርዝ ላይ 47፣ በ2015 ታይፔ ላይ 43 ሰው የሞተው ደህናው ሞተር በስህተት ጠፍቶ ነው።

ሬዲዮው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማብረር፣ ቀጥሎ አቅጣጫ መያዝ፣ ከዚያ መናገር ነው። ሲናገርም "ሜይዴይ" ሦስት ጊዜ፣ የበረራው መለያ፣ ምን እንደደረሰ፣ የት እንዳለና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ የሚባለውን የቋንቋ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። በፊልም በቴሉጉ መነጋገራቸው ለተመልካች የተደረገ ስምምነት ነው፤ ይህን ይቅር ማለት ይገባል።

ቀረፃው ራሱ እንዴት ይሠራል? እውነተኛ ኮክፒት ለካሜራ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከአገልግሎት የወጣ አውሮፕላን አፍንጫ ይገዛል ወይም በእንጨትና በፋይበር ይሠራል፤ ጎኑና ጣሪያው እየተነቀለ ካሜራ ይገባበታል። በ1996 የተከፈተውና 1,666 ኤከር ላይ ያረፈው የሃይደራባዱ ራሞጂ ፊልም ከተማ የአየር ማረፊያና የአውሮፕላን ውስጥ ቋሚ የቀረፃ ሴት (ለፊልም የተሠራ ቦታ) አለው። ኮክፒቱ በሚወዛወዝ መድረክ ላይ ይቀመጣል፤ ገንዘብ ካነሰ ሰዎች በአጣና ይነቀንቁታል፤ ዘዴው የሚታወቀው አብራሪው ሲነቃነቅ አንገቱ ላይ ያለው ጥላ ባለበት ሲቆም ነው። እውነተኛ አውሮፕላን ሲዞር ፀሐይ ፊት ላይ ታልፋለች። ስለዚህ ጎበዝ ካሜራማን መድረኩን ትቶ አንድ ትልቅ መብራት በክሬን ያንቀሳቅሳል። የመስኮቱ መስታወት የቀረፃ ሠራተኞቹን ስለሚያሳይ ይነሳል። ከኋላ አረንጓዴ ጨርቅ ከተሰቀለ ደግሞ ነጩ የአብራሪ ሸሚዝና የሚያብረቀርቀው የራስ ቁር አረንጓዴውን ይስባሉ፤ በኮምፒውተር ሲጠራ የትከሻው ጠርዝ የተበላ ይመስላል። በምትኩ ትልቅ የኤልኢዲ ግድግዳ ሲተከል ሰማዩ ራሱ ፊት ላይ ያበራል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

አካል ላይ የሚሠራ ስህተትም አለ። አውሮፕላን ሲዞር ተዋናዩ እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ወደ ጎን ያዘነብላል። በትክክል የሚዞር አውሮፕላን ውስጥ ሰው ወደ ጎን አይገፋም፤ ወደ ወንበሩ ይጫናል። በ60 ዲግሪ ጥምዘዛ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ተዋጊ ጄት ዘጠኝ እጥፍ ሲደርስ የ70 ኪሎ ሰው 630 ኪሎ ይከብዳል። ያኔ አብራሪው ሆዱንና እግሩን ጨምድዶ በየሦስት ሰከንዱ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ረጅም የመሐላ ንግግር የሚያደርገው ጀግና ራሱን ስቶ ነበር። የኦክስጅን ጭምብሉም ፊት ስለሚሸፍን ዳይሬክተሮች ያወርዱታል፤ ኮከቡን ሊያይ የመጣ ሕዝብ አለ። ጭምብሉ ሳይወርድ የቀረ እንደሆነ አንድ ጥቅም አለው፦ አፍ ስለማይታይ ንግግሩን በስቱዲዮ ወደ ሂንዲም ወደ ታሚልም መቀየር ይቀላል። በ2024 የወጣው "ኦፕሬሽን ቫለንታይን" የተባለው የአየር ኃይል ፊልም ግን በቴሉጉና በሂንዲ ጎን ለጎን ነው የተቀረፀው። ስለ ጦር ኃይሎች የሚሠራ ፊልም ከመከላከያ ሚኒስቴር የማይቃወም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያመጣም ሚኒስቴሩ በ2020 ለሳንሱር ቦርዱ ጽፎ ነበር። ስለ አዛዦች ድክመት ደፋር ትዕይንት የማይበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

የቀረው ቤትና ሥራ የሚጋጩበት ቦታ ነው። በ2024 የተሻሻለው የህንድ ደንብ የአብራሪን ሳምንታዊ ዕረፍት ከ36 ወደ 48 ተከታታይ ሰዓት አሳደገ፤ በሌሊት የሚፈቀደውን የማረፍ ብዛት ከስድስት ወደ ሁለት አወረደ። ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ በዋለ በወሩ፣ በታኅሣሥ 2025፣ የሀገሪቱ ትልቁ አየር መንገድ በቂ አብራሪ መድቦ ባለመገኘቱ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። ከዚያ ውጭ ተጠባባቂ የሚባል ቀን አለ፤ አብራሪው ቤቱ ነው፣ ግን ስልክ ሲደወል ሻንጣውን ይዞ መውጣት አለበት። የእህት ሠርግ በዚያ ቀን ላይ ሲወድቅ የፊልም ደራሲ ምንም መጨመር አይኖርበትም።

ሠርጉ ላይ ደግሞ ጓደኛ አለ፣ ብርጭቆም አለ። ከበረራ በፊት 12 ሰዓት መጠጥ ክልክል ነው፤ በትንፋሽ መመርመሪያው ላይ የሚፈቀደው ቁጥር ዜሮ ነው። ምርመራው የሚደረገው ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ካሜራ እየቀረፀው ነው። መሣሪያው አንድ ጊዜ አልኮል ካሳየ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ይነፋል። ሁለተኛውም ካሳየ ፈቃዱ ለሦስት ወር ይታገዳል። ዳግመኛ ከተገኘ ሦስት ዓመት ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ይሰረዛል። አባትየው ያስያዘው ቤት ወርኃዊ ክፍያ ግን ለሦስቱም ወር ይመጣል፤ "አንድ ብቻ ራ" ብሎ የቀዳለት ጓደኛም በማግሥቱ ከሌላ ካፒቴን ጋር በቀኝ ወንበር ተቀምጦ ይነሳል።